በልግ ሳይገባ ጓሮአችሁን አዘጋጁ፦ ለደም ማነስ የሚበጀው ምግብ ከደጃችሁ ይጀምራል



ዛሬ ስለ ክኒን ሳይሆን ስለ ዶማ ነው የማወራችሁ። «ዶክተር፣ ግብርና ጀመርክ እንዴ?» እንዳትሉኝ። እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምክንያቴ ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። እዚህ ጂንካ አንዲት የ6 ወር ነፍሰ ጡር ለክትትል መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ)። ይደክማታል፣ ያዞራታል፣ ትንሽ ስትራመድ ልቧ ይመታል። የዓይኗን ሽፋን ዝቅ አድርጌ ሳየው ውስጡ ነጣ ብሏል። የደም ምርመራዋ ሲመጣ ሄሞግሎቢኗ 8.9 ነው። ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ እንለዋለን። ክኒኗን አዘዝኩላትና ስለ ምግብ ማውራት ጀመርን።

«ዶክተር፣ ቀይ ሥር ደም ይጨምራል ሲሉኝ እሱን እየገዛሁ ነው። ጎመኑን ደግሞ በየቀኑ ከየት አመጣለሁ? ገበያው ተወዷል።»

«ግቢ አለሽ?»

«አለኝ። ግን ባዶ ነው፣ ሣር ነው የበቀለበት።»

በቃ፣ እዚያ ላይ ቆምኩ። ዝናብ በሚጠግብ ከተማ፣ እንሰትና ቡና፣ ጎደሬና ሙዝ በሚያበቅል የአሪ መሬት ላይ ተቀምጠን ጎመን በሳንቲም ቆጥረን እንገዛለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደም ማነስ ያለባት እናት ስትመጣ ከምጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ግቢ አለሽ?» ሆኗል።

ለምን ጓሮ? ለምን ሐኪም ያወራዋል?

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶዎቹ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶዎቹ ደም ማነስ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አጭር ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው። ቀነጨረ ማለት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አላገኘም ማለት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቁመት ላይ ብቻ አይቆምም፣ ወደ አእምሮ እድገትና ወደ ትምህርትም ይሄዳል።

ብዙዎቹ ልጆች ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አይደለም የሚታመሙት። እንጀራው አለ፣ ገንፎው አለ፣ በቆሎው አለ። የጠፋው ስብጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። እስኪ ትናንት የበላችሁትን አስቡት። ስንቶቻችን እዚያ እንደርሳለን?

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፦ ጓሮ የክኒን ምትክ አይደለም። በቅጠል ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን በሥጋና በጉበት ውስጥ እንዳለው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሄሞግሎቢኗ የወረደ እናት ጎመን በልታ ብቻ በጊዜ አትድንም። አይረን ፎሌቷን መውሰድ አለባት። የጓሮው ሥራ ክኒኑ ያነሳትን እናት ተመልሳ እንዳትወድቅ መያዝ፣ ልጇም ከመጀመሪያው እንዳይወድቅ መከላከል ነው።

ጊዜው አሁን ነው

ለአዲስ አበባና ለሰሜኑ ሰው ዋናው ዝናብ ክረምት ነው። በእኛ በደቡብ ኦሞ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው በልግ ነው። ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይመጣል። ስለዚህ የካቲት የዝግጅት ወር ነው። መሬቱ ዝናቡ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ይቆፈራል። ይህን ያወቅሁት በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ጭቃውን ቆፍሬ፣ ዘሩን በትኜ፣ በሳምንቱ የጣለው ዝናብ ዘሬን ጠራርጎ ጎረቤት ግቢ ከተተው። ጎመኑ የበቀለው እዚያ ነው!

አዲስ አበባ ያላችሁ የበልጉ ዝናብ አነስ ስለሚል ውኃ እያጠጣችሁ ጀምሩ። በሐመር፣ በዳሰነች፣ በኛንጋቶም ቆላ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱና የውኃ እጥረቱ ሌላ ስለሆነ ድርቅ ከሚችለው ከሽፈራው መጀመር ይሻላችኋል።

ምን እንትከል?

እኔ ከጤና አንጻር ብመርጥ እነዚህን 5 እመርጣለሁ፦

1. የሐበሻ ጎመን። ፎሌት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ሲ፣ ካልሲየም ሁሉም አሉት። ቅጠሉን ከሥር ከሥሩ እየቀጠፋችሁ ለወራት ትበላላችሁ። ብዙ ሰው ቆስጣን ያስቀድማል። ቆስጣም ጥሩ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። ግን ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። በጎመን ውስጥ ኦክሳሌቱ አነስተኛ ነው። ሁለቱንም ትከሉ፣ ብልጫውን ግን ለጎመን ስጡት።

2. ብርቱካናማ ስኳር ድንች። ነጩ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ግን 125 ግራም ያህል፣ ማለትም አንድ ትንሽ ድንች፣ የአንድን ሕፃን የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይሸፍናል። ቫይታሚን ኤ ዓይንን ከዳፍንት፣ ሰውነትን ከኢንፌክሽን ይጠብቃል። የሚተከለው ሐረጉ ተቆርጦ ነው፣ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈልጋል። ሐረጉን ከየት እንደምታገኙ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ወይም የጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎችን ጠይቁ።

3. ሽፈራው። አርባ ምንጭ አካባቢ ሃሌኮ የሚሉት ነው። አጥር ዳር አንድ ወይም ሁለት እግር ይበቃችኋል። ቁመቱን ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ አታሳድጉት፣ በተቆረጠ ቁጥር ለጋ ቅጠል ያወጣል። ቅጠሉ ምግብ ነው፣ ተቀቅሎ ይበላል። ሥሩንና ቅርፊቱን ግን በተለይ ነፍሰ ጡሮች እንዳትጠቀሙ።

4. ካሮት። ወደ 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። ለስላሳ አፈር ካላገኘ ይጣመማል። ዘሩን እዚያው መደቡ ላይ ዝሩት፣ ችግኝ አድርጎ ማዛወር አይወድም።

5. ሎሚ ወይም ፓፓያ። ቫይታሚን ሲ የቅጠሉ ብረት ወደ ደም እንዲገባ በር ይከፍታል። ቃሪያና ቲማቲምም ይህንኑ ይሠራሉ።

«ቀይ ሥርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ብሉት፣ ፎሌት አለው። ግን ደም የሚያስመስለው ቀለሙ ነው። ብረቱ ከጎመን አይበልጥም።

ዝግጅቱ ደረጃ በደረጃ

* ቦታ፦ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከሽንት ቤት፣ ከፍሳሽና ከከብት ማደሪያ ይራቅ።
* መደብ፦ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ይበቃል። ከ1 ሜትር ካለፈ መሐሉን ለመድረስ መርገጥ ይመጣል፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠቀጠቃል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ፣ መደቡን ከመሬቱ 15–20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። የጂንካ ዝናብ ሲመጣ አይጠየቅም፣ ውኃው የሚወርድበት ቦይ ከወዲሁ ይኑረው።
* አፈር፦ የእኛ አካባቢ ቀይ አፈር (ከተማ እንኳን ስሙን ይዞ «ቀይ አፈር» ተብሏል) ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ሲርስ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ብስባሽ ነው። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ደረቅ ቅጠልና ፍግ ቀላቅላችሁ ሸፍኑት፣ በየ2 ሳምንቱ አገላብጡት። በ3 ወር ገደማ ይደርሳል። ዘንድሮ ካልደረሰላችሁ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከሚያውቁት ሰው ውሰዱ፣ የራሳችሁን ደግሞ ለመስከረሙ ዝናብ ዛሬ ጀምሩት።
* ዘር፦ ዘር የሚቀበረው የራሱን ውፍረት ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። የጎመን ዘር በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም። የጎመን ችግኝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላው ይዛወራል፣ በመካከሉ 40 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቆስጣ ከተዘራ ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ይቀጠፋል።
* ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ፦ በየ3 ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ዝሩ። ያለዚያ ሚያዝያ ላይ በጎመን ተጥለቅልቃችሁ ሰኔ ላይ ተመልሳችሁ ገበያ ትወጣላችሁ።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁስ? የማዳበሪያ ከረጢት ወይም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሥሩን ቀዳዳችሁ አፈርና ብስባሽ ሙሉበት። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ጎመን በረንዳ ላይ ይሆናሉ። ግን ነዳጅ፣ ቀለም ወይም ፀረ-ተባይ የነበረበትን ዕቃ ታጥቦም ቢሆን አትጠቀሙ።

ጓሮ እንዳያሳምመን

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። ጓሮ ሠርተው ታመው የሚመጡ አሉ። እነዚህን ያዙልኝ፦

ጫማ። በባዶ እግር እርጥብ አፈር ላይ መሥራት ለሁክዎርም በር መክፈት ነው። ይህ የአንጀት ትል የሚገባው በአፍ ብቻ አይደለም፣ እጩ በእግር ቆዳ በኩል ዘልቆ ይገባል። ከገባ በኋላ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ለደም ማነስ ብለን የጀመርነው ጓሮ ደም ማነስ ይዞልን መጣ ማለት ነው! በደጋማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ደግሞ እግር የሚያሳብጠውን ዝሆኔ ያመጣል። ቦት ጫማ ካልተገኘ ኮንጎ ጫማም ቢሆን አድርጉ፣ ስትጨርሱ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቁስል። ዶማ ወይም ምስማር ከወጋችሁ ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አፈር የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ተህዋስ ቤት ነው። «ትንሽ ናት» ብላችሁ ቡና ወይም አፈር አትነስንሱበት።

ጥሬ ፍግ። ትኩስ ፍግ ላይ የበቀለ ሰላጣ በጥሬው መብላት ተቅማጥ መጥራት ነው። ፍጉ በደንብ ካልበሰበሰ፣ አፈር የሚነካ አትክልት ለመሰብሰብ ቢያንስ 120 ቀን ሊያልፈው ይገባል። የሽንት ቤት ዝቃጭ ጭራሽ አይታሰብም።

ፀረ-ተባይ በሃይላንድ ጠርሙስ። እባካችሁ፣ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ፀረ-ተባይ ከሱቅ እየተቀነሰ በሃይላንድ ይሰጣል፣ እቤት መጥቶ ጥግ ይቀመጣል፣ የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ያነሳዋል። የ3 ሜትር ጓሮ ፀረ-ተባይ አያስፈልጋትም። ትሉን በእጅ ልቀሙ፣ ክሽክሹን በሳሙና ውኃ እጠቡ፣ የታመመውን ቅጠል ነቅላችሁ ጣሉ። የግድ ቤት ውስጥ ካለ በራሱ ዕቃ፣ ተቆልፎበት፣ ከልጅ ርቆ ይቀመጥ። አንድ ሰው ጠጥቶት ወይም ፈሶበት ምራቁ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ መተንፈስ ካቃተው፦ እንዲያስታውክ አታድርጉት፣ ወተትም አትጋቱት። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል አምጡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ይህ መርዝ በጊዜ ከተደረሰበት ማርከሻ አለው። የሚገድለው መዘግየቱ ነው።

የታቆረ ውኃ። ለማጠጫ የምታስቀምጡትን በርሜል ክደኑ። ግቢ ውስጥ የተኛ ጎማና ጣሳ ገልብጡ፣ የታቆረውን ጉድጓድ ድፈኑ። ትንኝ ከዝናቡ እኩል ነው የምትመጣው። ወባ ደግሞ ራሱን የቻለ የደም ማነስ ምክንያት ነው።

የሌሊት ወፍ የነከሰው ፍራፍሬ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ የማርበርግ ቫይረስ በከተማችን መገኘቱ ሲረጋገጥ ያሳለፍነውን ጭንቀት ማንም አይረሳውም። ጥር ላይ ወረርሽኙ ማብቃቱ ታውጇል፣ ተመስገን። ቫይረሱ በተፈጥሮ የሚኖረው ፍራፍሬ በሚበሉ የሌሊት ወፎች ውስጥ ስለሆነ የነከሱትን ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ዘይቱን «ያልተነካውን ጎን ቆርጬ ልብላ» አትበሉ። ቅበሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ያልተነካውንም አጥባችሁ ልጣችሁ ብሉ። ዛፉን መቁረጥም ሆነ ወፎቹን ማሳደድ አያስፈልግም። ማሳደድና መግደል እንዲያውም ንክኪውን ያበዛዋል።

ከጓሮ ወደ ገበታ

ተክሎ በትክክል አለመብላትም አለ። ጎመኑን ለረጅም ጊዜ ቀቅለን፣ ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውኃ ከደፋነው ፎሌቱንና ቫይታሚን ሲውን አብረን ደፋነው። እጠቡ፣ ክተፉ፣ በትንሽ ውኃ ለአጭር ጊዜ አብስሉ፣ በመጨረሻ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ አድርጉበት። ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ሲቀርብ ሎሚ ጭመቁበት።

ቡናውን ደግሞ ከምግቡ አርቁት። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረትን መግባት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ጉዳት አላደረሰም። ከምግብ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። «ቡናችንን ተው» አላልኩም፣ እኔም እጠጣለሁ! ከመብላት 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይሁን ነው። በቅል የሚጠጣው የቡና ገለባም ቢሆን እንደዚያው።

6 ወር ለሞላው ሕፃን የጎመን ቅጠሉን አድቅቃችሁ፣ ስኳር ድንቹን ፈጭታችሁ ከገንፎው ጋር ስጡት። እንቁላል ከተገኘ ጨምሩበት። ጡቱም ይቀጥል።

እነዚህ ሰዎች ቅድሚያ ሐኪማቸውን ያማክሩ

* ዋርፋሪን የምትወስዱ (የልብ ቫልቭ የተቀየረላችሁ በተለይ)፦ አረንጓዴ ቅጠል በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም። አንድ ሳምንት ብዙ፣ አንድ ሳምንት ምንም አይሁን። መጠኑ ተመሳሳይ ይሁን፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ።
* ኩላሊታችሁ የደከመ፦ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ፖታሲየም ስላላቸው መጠኑ ይወሰንላችሁ። የኩላሊት ጠጠር ያለባችሁ ቆስጣ አታብዙ።
* የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች፦ ሽፈራው ምግብ ነው፣ የመድኃኒታችሁ ምትክ አይደለም። ሽፈራው ጀምረው ክኒናቸውን ያቆሙ ሰዎች በሌላ በር አስቸኳይ ክፍል ይመጡብናል።
* ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ፦ የሕፃኑ የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ማለት ነው። ስለዚህ ጎመኑን ብሉ፣ የፎሊክ አሲድ ክኒኑን ግን ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሩ።

ያቺ እናትስ?

ሰገራዋ ውስጥ ሁክዎርም ተገኝቶ ታከመች፣ ክኒኗንም ሳታቋርጥ ወሰደች። በ6ኛው ሳምንት ሄሞግሎቢኗ 10.8 ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ያ የክኒኑ ሥራ ነው፣ ጎመኗ ገና ችግኝ ነበር። ባለቤቷ ግቢውን ቆፍሮላት፣ እሷ ከጎረቤት የጎመን ችግኝ ተቀብላ፣ ግንቦት ላይ ስትወልድ ቅጠሉ ደርሶ ነበር።

በዚህ ወር ልጇን ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ይዛው መጣች። ክብደቱ ጥሩ ነው። የእሷን ደም ደግሜ አየሁት፣ 12.4። በፌስታል ጎመን ይዛልኝ መጥታ «ዶክተር፣ አሁን ገበያ የምሄደው ለሽንኩርት ነው» አለችኝ።

እናንተስ ግቢ አላችሁ? በረንዳስ? የመጪውን ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ መደብ ስጡት። ወይም ለአንድ ከረጢት። ምን እንደተከላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፣ ጥያቄ ካላችሁም ጠይቁ። ባዶ ግቢ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ ነው። ድካም፣ ማዞር ወይም የልብ ምት መብዛት ካላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ።

መልካም የበልግ ጊዜ!